ጠዋት የሚለማመድ፣ ማታ የሚወዳደር

ሱሉልታ፣ ከልምምድ በኋላ። በአንድ አንጋፋ የመካከለኛ ርቀት አሰልጣኝና በ1,500 ሜትር በምትወዳደር ሯጭ መካከል የተደረገ ምልልስ።

ሯጭ፦ ኮች፣ ዛሬ አንድ ነገር ገርሞኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት 400ዎች ስሮጥ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ስድስተኛውና ሰባተኛው ላይ ግን እንደ ልቤ ሄድኩ። ድካም ቢሆን ኖሮ መጨረሻው ላይ ነበር የሚብሰው።

አሰልጣኝ፦ ስንት ሰዓት ነው የተነሳሽው?

ሯጭ፦ 11 ሰዓት ላይ። ሰርቪሱ 11 ተኩል ላይ ነው የሚያነሳን።

አሰልጣኝ፦ እንግዲህ ሰውነትሽ ገና ሌሊት ላይ ነበር። የሰው የውስጥ ሙቀት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከመንቃታችን ሁለት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ከሁሉም ዝቅ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምርና አመሻሽ ላይ፣ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ እስከ አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ለጡንቻ ግን ትንሽ አይደለችም። የጡንቻ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ጉልበቱ ከ2 እስከ 5 ከመቶ ይጨምራል። የነርቭ መልእክት ይፈጥናል፣ ደም የተሸከመውን ኦክስጅን ለጡንቻ በቀላሉ ይለቃል፣ ጡንቻውም መኮማተርና መላቀቅ ይፈጥናል። የቀዘቀዘ ጡንቻ እንደ በረደ ማር ነው፤ ይፈሳል፣ ግን አይታዘዝም። በዚያ ላይ እዚህ ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በታኅሣሥ ብርድ ነው።

ሯጭ፦ ማሟሟቅማ አሟሙቀን ነበር እኮ። ሃያ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ ድሪል።

አሰልጣኝ፦ አይቻለሁ። ሶምሶማውን ስትጨርሱ ላብ ጠብ አላለም ነበር። ሜዳው ላይ ያለው ጤዛ ገና በረዶ መስሎ ነበር፤ አንቺ ደግሞ እጅሽን እጅጌሽ ውስጥ እንደደበቅሽ ነበር ድሪሉን የጀመርሽው። ማሟሟቅ በሰዓት ብቻ አይለካም። ከሰዓት በኋላ አስር ደቂቃ የሚበቃው ሰው፣ ጎህ ሲቀድ ሃያ አምስት ደቂቃም ላይበቃው ይችላል። የጠዋቱ ማሟሟቂያ ሁለት ሥራ አለበት፤ ለሩጫው ማዘጋጀት አንድ፣ ሌሊቱ የወሰደውን ሙቀት መመለስ ሁለት። እኛ ግን ጠዋትም ማታም ያንኑ ሃያ ደቂቃ እንደ ጸሎት ደግመን እንሄዳለን። እኔን ይህ ያናድደኛል፤ አልደብቅሽም።

ሯጭ፦ ግን ኮች፣ ይህ ሁሉ የነጮቹ የላብራቶሪ ወሬ እንዳይሆን እሰጋለሁ። አበበ ቢቂላን ይውሰዱ። ሮም ላይ አመሻሽ፣ ቶኪዮ ላይ ቀትር ላይ ሮጠ። ሁለቱንም አሸነፈ። ማሞ ወልዴም ሜክሲኮ ላይ በጠራራ ከሰዓት አሸነፈ። ሰዓት የሚመርጥ እግር ቢኖራቸው ኖሮ የት ይደርሱ ነበር?

አሰልጣኝ፦ ጥሩ አነሳሽው፤ በእነሱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለምን በዚያ ሰዓት ይመስልሻል? ወሩ መስከረም ነበር፤ የሮም ቀትር ደግሞ ሰው ይጥላል። አዘጋጆቹ ፀሐይዋን ሸሹ። በመጨረሻው ላይ ስለጨለመ የአፒያን መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። አበበ በባዶ እግሩ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ጋር እየተያየ መጥቶ፣ የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከ1964ቱ ቶኪዮ ጋር አስተያዪው፤ መነሻው ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር፣ ግን ጥቅምት ነው፣ ሰማዩም ደመናማ ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ! በሁለቱም ቦታ ሰዓቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚታየው።

ሯጭ፦ እና ሰዓት ለማራቶን ለውጥ አያመጣም እያሉኝ ነው?

አሰልጣኝ፦ ያመጣል፤ አቅጣጫው ግን ይገለበጣል። ነጥቡ ይህ ነው፤ ሰዎች አንድ ምክር ይሰሙና ለሁሉም ሩጫ ይጠቀሙበታል። ለመቶ ሜትር፣ ለዝላይ፣ ለአንቺ 1,500 ሙቀት ወዳጅ ነው፤ አመሻሽ ላይ ሰውነትሽ ሞቆ ይጠብቅሻል። ለማራቶን ሙቀት ጠላት ነው። ማራቶን ሯጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ራሱ ሙቀት እያመረተ ነው የሚሄደው፤ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ አእምሮ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ዝቅ ካለ ሙቀት መነሳት ለእሱ ትርፍ ነው። የጠዋት ብርድ ለአንቺ ዕዳ ሲሆን ለማራቶን ሯጭ መቆጠቢያ ነው።

ሯጭ፦ ለዚህ ነው በሙቀት አገር ሲሮጡ በረዶ የተሞላ ሰደርያ የሚለብሱት?

አሰልጣኝ፦ ለዚያ ነው። መነሻው ላይ በረዶ ለብሰው ይቆማሉ፤ ማሟሟቂያቸውም አስር ደቂቃ ያህል በጥላ ሥር ቀስ ያለች ሶምሶማ ናት። እዚያ ቆመሽ ድሪል ብታበዢ፣ ሩጫው ሳይጀመር ሙቀት የመቻል አቅምሽን ከፍለሽ ጨረስሽ ማለት ነው። ዶሃን አስታውሺ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን የተካሄደው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ፀሐይን ሸሽተው ሌሊት አደረጉት፤ ለሴቶቹ ግን ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፣ እርጥበቱም ከባድ። 68 ሴቶች ተነስተው የጨረሱት 40 ናቸው። የእኛ ሦስቱም ልጆች አቋረጡ። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው የገባችው። ከቀናት በኋላ ለወንዶቹ ሌሊቱ ቀለል አለ፤ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አሸነፈ፣ ሞስነት ገረመው አራት ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። አየሽ፣ ሰዓቱ ያው እኩለ ሌሊት ነው፣ አየሩ ግን ሌላ ነበር።

ሯጭ፦ እኩለ ሌሊት ላይ መሮጥ በራሱ ግን አይከብድም? ሰውነት የሚተኛበት ሰዓት እኮ ነው።

አሰልጣኝ፦ ይከብዳል። የሰውነት ሰዓት የሚመራው በዋናነት በብርሃን ነው፤ ሲጨልም ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል፣ ሙቀቱም መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ ዶሃ የሄደ ሰው ቀድሞ እንቅልፉንም ምግቡንም ማዛወር ነበረበት፤ ቀን ተኝቶ ማታ መነሳት። የሳፖሮውስ? የ2020ው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በሙቀት ምክንያት ወደ ሳፖሮ ተዛውሮ እንኳ፣ የሴቶቹ መነሻ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ቀደም እንዲል ተደረገ፤ ይህም በዋዜማው ምሽት ነው የተነገረው። አንድ ሰዓት ቀላል ትመስላለች፣ ግን መነሻሽ አንድ ሰዓት ሲቀድም ቁርስሽም፣ መነሳትሽም፣ መጸዳጃሽም ሁሉ ይቀድማል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያሸንፈው ሰዓት የለመደ ሳይሆን መለዋወጥን የለመደ ነው።

ሯጭ፦ እሺ፣ ማራቶኑን እንተወው፤ እኔ ገና ነኝ። ወደ እኔው እንመለስ። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምለማመደው ጠዋት ነው። ውድድሬ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ሁልጊዜ ማታ ነው። የሚጠቅመኝ ነው የሚጎዳኝ?

አሰልጣኝ፦ ሰውነት በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ይማራል። ሁልጊዜ ጠዋት የሚለማመዱ ሰዎች የጠዋት ድክመታቸው ይቀንሳል፤ ከሰዓት ብቻ የሚለማመዱ ደግሞ የከሰዓቱ ብልጫቸው ይሰፋል። እኛ አገር ጠዋት የምንለማመደው ለአካሉ ብለን አይደለም። እንጦጦ የሚሮጥ ልጅ ጅብ ወደ ጉድጓዱ ሳይገባ ጫካ አይገባም፣ ግን ከፀሐይና ከመኪና ጭስ በፊት መጨረስም አለበት። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ብዙው ልጅ ደግሞ ሥራ አለው። ልማዱ በቂ ምክንያት አለው፤ ግን ምክንያቱ ስታዲየም ውስጥ ያለውን ሰዓት ታሳቢ ያደረገ አይደለም።

ሯጭ፦ ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ያን ያህል ነው?

አሰልጣኝ፦ ሩጫ ሳይሆን ዋና ነው፣ ግን ስሚኝ። ከአቴንስ 2004 እስከ ሪዮ 2016 በአራት ኦሊምፒኮች የዋናተኞችን ሰዓት የመረመሩ ሰዎች፣ ፈጣኑ ሰዓት አመሻሹ 11 ሰዓት አካባቢ መሆኑን አገኙ። በጠዋትና በአመሻሽ መካከል ያለው ልዩነት 0.37 ከመቶ ገደማ ነው። አሁን ወደ አንቺ እናምጣው። 3 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የምትሮጪ ከሆነ፣ 0.37 ከመቶ ማለት ከዘጠኝ አስረኛ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። ቡዳፔስት 2023 ላይ ፌይዝ ኪፕዬጎን በ3:54.87 ስታሸንፍ ድርቤ ወልተጂ በ3:55.69 ሁለተኛ ሆነች። በመካከላቸው 0.82 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው። ያ ሁሉ ነገር በሰዓት ተወሰነ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ምሽት ነው የሮጡት። ግን ወርቅን ከብር የሚለየው ርቀት እዚህ ልክ ውስጥ ከሆነ፣ ሰዓትን ችላ ብዬ የምተወው በምን ሒሳብ ነው?

ሯጭ፦ እንዲህ ከሆነ የቤጂንጉ 2008 ነገር ይገርማል። የዋና ፍጻሜዎቹ ጠዋት ነበሩ ይባላል።

አሰልጣኝ፦ ጠዋት ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ማታ ቴሌቪዥን ላይ እንዲታይ ሲሉ ነው። ማይክል ፌልፕስ ስምንት ወርቅ ያገኘው እዚያ ነው። ብልጦቹ ቡድኖች ይህን ስለሚያውቁ አስቀድመው ዋናተኞቻቸውን ጠዋት ላይ ጠንካራ ልምምድ እንዲለምዱ አድርገዋል። ሰዓቱን መለወጥ ካልቻልሽ ራስሽን ወደ ሰዓቱ ትወስጃለሽ። እኔም ከአንቺ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ሯጭ፦ ግን ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። አብራኝ የምትኖረዋ ልጅ ሌሊት ለሌሊት ነቅታ ስልክ ስታይ አድራ ጠዋት እንደ ድንጋይ ትሆናለች። እኔ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ዓይኔ ይከደናል።

አሰልጣኝ፦ ያ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ስንፍና ወይም ትጋት ተብሎ መሰደብ የለበትም። ማለዳ የሚነቁ ሰዎች ምርጥ ሰዓታቸው ቀደም ይላል፣ የሌሊት ሰዎች ደግሞ ወደ ማታ ይገፋል። ከተነሱ በኋላ ያለፈው ጊዜም ብዙ ይለውጣል። አንቺ 11 ሰዓት ተነስተሽ 12 ሰዓት ላይ ስትሮጪ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የነቃሽው። ማጣሪያሽ ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ቀደም ብለሽ ተነስተሽ ብርሃን ላይ ወጥተሽ ተንቀሳቀሺ። ቡናም ይረዳል፤ ካፌይን የጠዋቱን ብቃት ወደ ማታው ያስጠጋዋል። ግን በውድድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሪው፣ ሆድሽ ይረበሻል።

ሯጭ፦ ማጣሪያ ሲሉ… ባለፈው የተወዳደርኩበት ማጣሪያ ጠዋት ነበር። አሟሟቅኩ፣ ላብ ጠብ አለ፣ ደህና ነበርኩ። መነሻው መስመር ላይ ስደርስ ግን ያ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

አሰልጣኝ፦ ጥሪ ክፍል ውስጥ ስንት ደቂቃ ቆየሽ?

ሯጭ፦ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ስም ይጠራሉ፣ ቁጥር ይለጥፋሉ፣ የስፓይኩን ጥፍር ያያሉ፣ ቦርሳ ይፈትሻሉ። ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው።

አሰልጣኝ፦ ሌባው እዚያ ነው። ያሟሟቅሽው ጡንቻ ከተቀመጥሽ ጥቂት ቆይቶ መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ በእግር ኳስ የእረፍት 15 ደቂቃ ብቻ የተጫዋቾች የጭን ጡንቻ ሁለት ዲግሪ ያህል እንደሚወርድ ተለክቷል። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር የብዙዎቹ ፍጥነት ዝግ የሚለው በዚህ ነው፤ በእረፍቱ መሃል ጥቂት የሚሮጡት ግን ሙቀታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አንቺ ግማሽ ሰዓት ለፍተሽ ያመጣሽውን ሙቀት ወንበር ላይ ትተሽ ነው የወጣሽው። ቱታሽን ሙሉ ልበሺ፣ ወፍራም ሱሪ ጨምሪ፣ እስከ መጨረሻው ጥሪ አታውልቂ። ወንበር አለ ብለሽ አትቀመጪ። ቦታው ጠባብ ከሆነ ቆመሽ ጉልበትሽን አንሺ፣ በእግር ጣት ተነሺ፣ ዝቅ ብለሽ ብድግ በይ። ሌሎቹ ይስቁ እንደሆነ ይሳቁ።

ሯጭ፦ ሌላም ነገር አለ፤ ማሟሟቂያው መጨረሻ ላይ ሁሉም ስትራይድ፣ ያቺን አጭር ፈጣን ሩጫ፣ ነው የሚሠራው። እኔም ስድስት ሰባት ጊዜ እሮጣለሁ። ይበቃል?

አሰልጣኝ፦ ለአጭር ርቀት ሯጭ ምናልባት። ለ800ና ለ1,500 ግን በሩጫሽ ፍጥነት አንዲት ረዘም ያለች ሩጫ ጨምሪበት። 800 ሜትር ሯጮች ላይ በተደረገ አንድ ጥናት፣ ከሩጫው ሃያ ደቂቃ ገደማ በፊት በውድድር ፍጥነት 200 ሜትር የሮጡት፣ አጫጭር ስትራይድ ብቻ ከሠሩበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በላይ ተሻሽለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሩጫው ሲጀመር ሳንባና ልብ ወዲያው አይደርሱም፤ ጡንቻው በመጀመሪያው ደቂቃ በብድር ይሮጣል። ቀድመሽ አንዴ ካነቃሽው ኦክስጅኑ ቶሎ ይደርሳል፣ ብድሩም ያንሳል። አንቺ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚይዝሽ ያ ብድር ነው።

ሯጭ፦ መሳሳቡስ? አሁን አንዳንዱ ጭራሽ አታድርጉት ይላል።

አሰልጣኝ፦ የተጋነነ ነው። አንድን ጡንቻ ቆሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ጎትቶ መያዝ ከሩጫ በፊት ጉልበት ይቀንሳል። ጥቂት ሰከንድ ያህል ማፍታታት ግን አይጎዳም። ረዥሙን ከልምምድ በኋላ አድርጊው። ጠዋት ስትነሺ ግን ወዲያው ጎንበስ ብለሽ የእግርሽን ጣት ለመንካት አትታገይ። ሌሊቱን ስትተኚ በአከርካሪ አጥንቶችሽ መካከል ያለው ዲስክ ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ በዚያን ሰዓት መጉበጥ ጀርባን በጣም ያስጨንቃል። ጥቂት ከተራመድሽ በኋላ ይረግባል።

ሯጭ፦ አበበ ቶኪዮ ላይ ከገባ በኋላ ሳሩ ላይ ያደረገው ያ እንቅስቃሴስ? ፊልሙን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሌሎቹ ገና ሳይገቡ እሱ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ይሠራ ነበር።

አሰልጣኝ፦ ያን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሁለተኛ የወጣው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው የገባው፤ ሰባ ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚያየው እሱን ነው፣ እሱ ግን ሥራውን ይጨርሳል። ማቀዝቀዝ በማግስቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም እንደሚያስቀር ብዙ ማስረጃ የለም። ግን በድንገት ከመቆም ይልቅ እየተንቀሳቀሱ መርጋት ደም እግር ላይ እንዳይከማች ያደርጋል፣ ራስን ከመሳት ያድናል። እኔ የማከብረው ግን ሥርዓቱን ነው። ሩጫው ከመነሻ እስከ መድረሻ ብቻ እንዳልሆነ የገባው ሰው ነበር።

ሯጭ፦ እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ? ሁሉንም ወደ ማታ እንወስደዋለን?

አሰልጣኝ፦ አይሆንም። ረዥሙ ሩጫና ኮረኮንቹ ጠዋት ይቀጥላል፤ ለእሱ ብርዱ ጥሩ ነው፣ መንገዱም ባዶ ነው። የማክሰኞን ፈጣን ልምምድ ግን ከውድድሩ በፊት ባሉት ወራት ከቀኑ 11 ሰዓት እናደርገዋለን፣ ስፓይክ አድርገሽ፣ ሙሉ ማሟሟቂያ ሠርተሽ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ የማጣሪያን ጠዋት እናስመስላለን፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድመሽ ትነሻለሽ፣ ታሟሙቂያለሽ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ነው የምትሮጪው።

ሯጭ፦ ሃያ ደቂቃ ቆሜ? ብርድ ላይ?

አሰልጣኝ፦ ቱታ ለብሰሽ፣ ጉልበት እያነሳሽ። ሙቀቱን እንዴት እንደምትጠብቂው እዚህ ካልተማርሽ ጥሪ ክፍል ውስጥ ማን ያስተምርሻል?

ሯጭ፦ ሰርቪሱስ? ማታ እስከ 1 ሰዓት ከቆየን የሚወስደን የለም። ግንቦት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ትራኩ ይጨቀያል።

አሰልጣኝ፦ የሰርቪሱን ነገር ነገ ክለቡ ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ማክሰኞን ብቻ በሚኒባስ እንከፍላለን። ዝናብ በመጣ ቀን ወደ ጠዋት እንመልሰዋለን፣ ግን ማሟሟቂያው አርባ ደቂቃ ይሆናል። እሱን ለሌሎቹም ንገሪያቸው፤ ከነገ ጀምሮ ላብ ሳይወጣ ድሪል የሚጀምር አይኖርም።